ግልጽ ደብዳቤ፦ ከጎርፍ ውኃ ፕሮጀክቶቻችን ላይ የቆረጣችሁትን መልሱልን

የተከበራችሁ የአዲስ አበባን የጎርፍ ውኃ ሥራዎች የምትመሩና በጀቱን የምታጸድቁ ኃላፊዎች፦

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በከተማችን የጎርፍ ውኃ ፕሮጀክቶች ላይ የምንሠራ ተቆጣጣሪ መሐንዲሶች፣ የሳይት መሐንዲሶች፣ ቀያሾችና ፎርማኖች ነን። በውስጥ ደብዳቤ ጠይቀናል። በስብሰባም አንስተናል። መልስ አላገኘንም። ስለዚህ በአደባባይ እንጠይቃለን። ነዋሪውም ጉዳዩ የራሱ ነውና አብሮ ያንብበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት ከተዘጋጁት ፕሮጀክቶች ላይ አራት ነገሮች እንዲወጡ ተወስኗል። የደለል ማጥመጃው፣ ውኃውን ለጊዜው የሚያቆየው ኩሬ፣ ውኃውን የሚያጣራው ሣርና ቄጠማ የለበሰ ቦይ፣ እንዲሁም ከርክክብ በኋላ ያለው የአንድ ዓመት ጽዳትና ጥገና። የቀረልን ቱቦ፣ ማንሆልና ዲች (የመንገድ ዳር የውኃ መውረጃ) ብቻ ነው። የተነገረን ምክንያት ሁለት ነው፤ ገንዘብ ለመቆጠብ እና ሥራውን ቶሎ ለመጨረስ። በተቆጠበው ገንዘብ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ቱቦ ይቀበራል ተብሏል።

በዚህ አንስማማም። ቱቦ ውኃን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ያደርሳል። የሚደርስበት ቦታም ሰው አለበት። ውኃውን መያዝ፣ ፍጥነቱን መስበር፣ ማጣራት፣ መስመሩን በየዓመቱ ማጽዳት፤ ይሄ ከሌለ የሠራነው ፕሮጀክት የጎርፉን አድራሻ ከመቀየር አያልፍም።

በመጀመሪያ ስለ ከተማዋ አቀማመጥ ጥቂት እንበል፤ ውሳኔው ይህን የረሳ ይመስለናልና። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ በሚወርድ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋል፤ አቃቂ በኩል 2,100 ሜትር ገደማ ነው። በዓመት ከምናገኘው 1,100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ አብዛኛው በክረምት ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዋናዎቹ ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሚያካፋው ዝናብ ብዙም አያስቸግረንም። የሚያስቸግረው ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚያራግፈው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሄክታር መሬት ላይ በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። መሬቱ ሣርና አፈር ሆኖ ከአምስት እጁ አንዱ ብቻ ቢፈስስ 80 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ያው መሬት አስፋልት፣ ኮንክሪትና ቆርቆሮ ሲለብስ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ይፈስሳል፤ 360 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ዝናቡ ያው፣ መሬቱም ያው፣ የሚወርደው ውኃ ግን አራት እጥፍ ተኩል። በዚያ ላይ ምንም በማይዘው አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ስለሚሮጥ ፈጥኖ ይደርሳል። የሰፈር ሽማግሌዎች «ድሮ እንዲህ አይጎርፍም ነበር» ሲሉን እውነታቸውን ነው። ዲዛይኖቻችን ላይ ግን አሁንም አንዳንዴ ከሌላ ሰፈር፣ ከሌላ ዘመን የተቀዳ የሒሳብ ወረቀት እናገኛለን፤ ቆርቆሮው ባልነበረበት ጊዜ የተሠላ።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስለ ማቆያ ኩሬው ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ መስመር አለ። ሰፈሩን አንጠራም። ላይኛው ሰፈር በየክረምቱ ይጥለቀለቅ ነበር። የነበረው 60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ወጣና 120 ተቀበረ። ዲያሜትሩ በእጥፍ ሲያድግ ቱቦው የሚያሳልፈው ውኃ በዚያው ቁልቁለት ስድስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ላይኛው ሰፈር ዳነ፤ ሰዉም መረቀን። ግን ታች መንገዱን የሚያቋርጠው አሮጌ ካልቨርት፣ ማለትም ውኃውን ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፈው መተላለፊያ፣ አልተነካም፤ በውሉ ውስጥ የለም ተባለ። ማቆያ ኩሬም አልነበረም። በቀጣዩ ክረምት ከዚያ በፊት ውኃ ገብቶባቸው የማያውቁ የታችኛው ሰፈር ቤቶች ውስጥ ውኃ ገባ። እናቶች ፍራሽና ጤፍ እያወጡ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ አይተናል። የልጆች ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ የመታወቂያ ወረቀት ጭቃ ሆኗል። «ማን ነው የሚጠየቀው?» ብለው ጠየቁን። በወረቀት ላይ ፕሮጀክቱ ተጠናቅቋል፣ ተረክበነዋል፣ ክፍያውም ተፈጽሟል። መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

ማቆያ ኩሬ የሚሠራው እንዲህ ነው። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ ይሆናል። ዝናቡ ሲበረታ ይሞላል፤ ዝናቡ ሲያባራ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ይለቃል። ታች ያለው ካልቨርት ሊሸከም የሚችለውን ያህል ብቻ ይደርሰዋል። በዚህ መንገድ ታች ያለውን ካልቨርት ሁሉ ማፍረስ፣ መንገድ መዝጋት፣ ለቤት ካሳ መክፈል ይቀራል። ገንዘብ የሚቆጥበው እንግዲህ ይሄ ነው።

«ቦታ የለም» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ መሐል ከተማ ቦታ ውድ ነው። ግን ማቆያ የግድ ዓመቱን ሙሉ ውኃ የተኛበት ኩሬ መሆን የለበትም። ከአካባቢው አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ የኳስ ሜዳ ሊሆን ይችላል፤ በበጋ ልጆች ይጫወቱበታል፣ በክረምት ለጥቂት ሰዓታት ውኃ ይይዛል። የትምህርት ቤት ግቢ ሊሆን ይችላል። የወንዝ ዳር ፓርክም ሊሆን ይችላል። «ትንኝ ያመጣል፣ ልጅ ይሰምጥበታል» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። በሁለት ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ ይሠራል፤ ትንኝ በዚያ ጊዜ አድጋ አትበርም። ጠርዙ ገደል ሳይሆን በእግር የሚወጣ ተዳፋት ይደረጋል። ይህ ሁሉ በዲዛይናችን ውስጥ ነበር።

የዴንማርክን ዋና ከተማ የኮፐንሃገንን ነገር ብናነሳ አይከፋም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ መጀመሪያ 2011 በሁለት ሰዓት ገደማ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበባቸውና ከተማዋ በውኃ ተሞላች። በዓመቱ ለከባድ ዝናብ የሚሆን ሙሉ ዕቅድ አወጡ። ቱቦ ማስፋት ብቻ አልመረጡም፤ ፓርኮችና መንገዶች ራሳቸው ውኃ እንዲይዙ አደረጉ። ኤንግሃቭ የሚባለው አሮጌ ፓርክ ታድሶ ከ20 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ውኃ መያዝ እንዲችል ተደርጓል። የእኛ ከተማ ዛሬ በወንዝ ዳርቻና በመንገድ ዳር ብዙ አረንጓዴ ቦታ እየሠራች ነው። ከዚህ የተሻለ ዕድል አይመጣም። ነገር ግን አብዛኛው የመንገድ ዳር መትከያ ከእግረኛ መንገዱ ከፍ ብሎ፣ በጠርዝ ድንጋይ ታጥሮ ነው የሚሠራው። ዝናብ ሲጥል ውኃው ወደ ተክሉ አይገባም፤ እንዲያውም አፈሩን ይዞ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። በበጋ ደግሞ ያንኑ ተክል በቦቴ እናጠጣዋለን። መትከያው አንድ ሁለት ስንዝር ዝቅ ቢል፣ ጠርዙም በየጥቂት ሜትሩ ውኃ ማስገቢያ ቢኖረው፣ መንገዱ ራሱ ተክሉን ባጠጣ ነበር። ተጨማሪ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሥዕሉ ላይ ብቻ መለወጥ ያለበት ነገር ነው።

የድሬዳዋን ደግሞ ማንም ሊረሳው አይገባም። በሐምሌ 1998 ማብቂያ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዝናቡ በብዛት የጣለው ከከተማው በላይ ባሉት ተራሮች ላይ ነበር። ላይ የሚሆነውን ሳያዩ ታች ብቻ መሥራት ምን እንደሚያመጣ አገራችን ውስጥ ታይቷል። አዲስ አበባም በላይዋ እንጦጦ አለ።

ሁለተኛው ጉዳይ ደለል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የመስመሮቻችን ዋና በሽታ ይሄ ነውና።

ከተራራው የሚወርደው አፈር፣ ከየግንባታው ቦታ የሚታጠበው አሸዋና ገለባጭ መኪና የደፋው አፈር፣ ሁሉም ወደ ቱቦው ይገባል። ቁልቁለቱ ላይ ውኃው ፈጣን ስለሆነ ይዞት ይሄዳል። መሬቱ ሜዳ ሲሆን ውኃው ይዝላል፤ ያን ጊዜ አሸዋው ይተኛል። በላዩ ላይ ፌስታልና ሃይላንድ ይጨመራል። አንዴ ከተኛ በኋላ ቀጣዩ ዝናብ ይከምርበታል። የደለል ማጥመጃ የሚባለው ይህ ከመሆኑ በፊት፣ መስመሩ ሜዳ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ውኃውን የሚያረጋጋና አሸዋውን የሚያስቀር ጉድጓድ ነው። ዘዴው አንድ ነው፤ አሸዋው እኛ በመረጥነው ቦታ ይተኛ። መኪና ቀርቦ የሚጭንበት ቦታ ላይ። እሱን ስትቆርጡት አሸዋው መተኛቱን አይተውም፤ ከአስፋልት ሥር፣ አካፋ በማይደርስበት ቦታ ይተኛል። ከዚያ መንገድ መቁረጥ ነው።

እስቲ ከክረምት በፊት የሚደረገውን ጽዳት ተመልከቱት። በሚያዝያና በግንቦት የቀን ሠራተኞች ዲቹን ይጠርጋሉ፤ የወጣው ደለል ዲቹ ዳር ይከመራል። የሚያነሳው መኪና የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ደብዳቤ ይጻፋል፣ መልስ ይጠበቃል። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ዝናቡ ይመጣል። የተከመረው ሁሉ ተመልሶ ይገባል። ለጽዳቱ የተከፈለው ገንዘብም አብሮ ይሄዳል። ይህን በየዓመቱ እናያለን። በአንድ ውል ውስጥ ማጽዳትና ማንሳት አንድ ላይ ቢሆኑ፣ ክፍያውም በተጫነ ሜትር ኩብ ቢታሰብ ችግሩ ባብዛኛው ያበቃል።

የማንሆል ክዳንን በአጭሩ እንለፈው። የብረት ክዳን ይሰረቃል፣ ለቁራሌው ይሸጣል። ክፍት ማንሆል ደግሞ ጎርፍ በሸፈነው መንገድ ላይ ሰው የሚውጥ ወጥመድ ነው። በአርማታ የተሠራ ክዳን ወይም በማጠፊያ የታሰረ እንዲሆን ደጋግመን ጽፈናል።

ሦስተኛው የማጣራቱ ሥራ ነው። «የዝናብ ውኃ ንጹሕ ነው፣ ምን ይጣራል?» የሚል ጥያቄ በስብሰባ ላይ ተነስቶ ነበር። ሰማይ ላይ እያለ ንጹሕ ነው። መንገድ ከነካ በኋላ ግን አይደለም። ከረጅም በጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ወራት ሙሉ የተጠራቀመውን ያጥባል። ከጋራዥና ከላቫጆ የፈሰሰ ዘይትና ናፍጣ፣ ከጎማና ከፍሬን የሚላግ ብናኝ፣ የገበያ ቆሻሻ፣ ፋንድያ። ይህ ሁሉ በቀበና፣ በግንፍሌና በባንቲይቀጡ አድርጎ ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል፤ የምዕራቡ ደግሞ ወደ ትንሹ አቃቂ። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ይደርሳሉ፣ ከዚያም አዋሽ። በመንገዱ ላይ ገበሬው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣበታል። አትክልቱ ተመልሶ ወደ ማዕዳችን ይመጣል። በእነዚህ ማሳዎች ውኃ፣ አፈርና አትክልት ላይ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ዋናው ጥፋት የፋብሪካና የሽንት ቤት ፍሳሽ መሆኑን አንክድም። ከመንገድ የሚወርደው ጎርፍ ግን ይጨምርበታል፤ ያንን ለማስቆም የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ በእጃችን ያለ ነው።

ውድ ማሽን አልጠየቅንም። ከባድ ብረት በብዛት የሚጣበቀው ደቃቅ ደለል ላይ ነው፤ ደለሉን ያስቀረ ብረቱንም በከፊል ያስቀራል። ዘይት ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ የደለል ማጥመጃው ጉድጓድ መሐል የሚገባ ግድግዳ ዘይቱን ከላይ ያስቀርና ውኃውን ከሥር ያሳልፋል። በላቫጆና በጋራዥ መውጫ ላይ ይህን ማስገደድ ይቻላል። ከዚያ ውኃው ቄጠማና ፊላ በተተከለበት ሰፊ ቦይ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ግንዱ ያዘገየዋል፣ ሥሩ ላይ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ቆሻሻውን ይበሉታል። ቄጠማና ፊላ በአገራችን ረግረግ ሁሉ የሚበቅሉ ናቸው። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የለም፤ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

የሽንት ቤት ፍሳሽን ካነሳን አይቀር፣ አንድ ነገር እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። በጥር ወር ከእኛ ጋር ውጡና አንድ የጎርፍ መስመር ማንሆል እንክፈት። በጥር ዝናብ እምብዛም የለም። ዝናብ ሳይጥል ማንሆሉ ውስጥ ውኃ ከፈሰሰ ባብዛኛው ፍሳሽ ነው። በብዙ ቦታ ይፈስሳል። ከሕንፃና ከግቢ በሌሊት የተቀጠሉ መስመሮች ናቸው። ይህን ስናገኝ ለማን እንናገር? መንገዱ የአንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ ፍሳሹ የሌላ፣ የወንዝ ዳሩ የሦስተኛ፣ ደረቅ ቆሻሻው የአራተኛ። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ይሠራል፤ ውኃው ግን በአራቱም ውስጥ የሚያልፍ አንድ ውኃ ነው። ያ ማንሆል ውስጥ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም ጓንትና ቦቲ ሳይኖረው፣ ጋዝ ሳይለካለት ነው የሚወርደው። በተዘጋ ማንሆል ውስጥ ያለ የፍሳሽ ጋዝ ሰውን በደቂቃ ይገድላል። የጋዝ መለኪያና የማንሻ ገመድ በውሉ ዝርዝር ውስጥ የራሱ መስመርና ዋጋ ይኑረው ብለን ጠይቀን «ኮንትራክተሩ በነጠላ ዋጋው ውስጥ ያስገባው» ተብለናል። አያስገባውም። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ነው የሚያሸንፈው፤ መጀመሪያ የሚቀንሰውም የሰው ደኅንነትን ነው።

የቦይ ቁፋሮውም እንዲሁ ነው። ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው ጠባብ ቦይ፣ ጥቁር አፈር ላይ፣ ያለ ድጋፍ ጣውላ ይቆፈራል። ጥቁር አፈር ደርቆ ሲሰነጠቅ ጽኑ ይመስላል፤ ውኃ ሲነካው በአንዴ ይናዳል። ቦዩ ውስጥ ያለው ልጅ ከገጠር ከመጣ ገና ወራቱ ነው፤ አደጋውን የሚነግረው የለም። ሥራ ስናስቆም «ፕሮጀክት አጓተታችሁ» የሚል ወቀሳ ከእናንተ ይመጣብናል። ይህ በጣም ያሳዝነናል።

እዚህ ላይ የጊዜው ነገር ይመጣል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ገንዘቡ የሚለቀቀው ክረምቱ ሲገባ ነው። ጨረታው፣ ግምገማው፣ ቅሬታው፣ ውል ፊርማው ወራት ይበላል። ከዚያ ወሰን ማስከበር አለ፤ የመብራት ምሰሶ፣ የውኃ መስመር፣ የቴሌ ገመድ ማንሳት አለ፤ ከመሬት በታች ያለውን የሚያሳይ አስተማማኝ ካርታ ደግሞ የለም፣ ስለዚህ ኤክስካቫተሩ እየቆረጠ ነው የሚያገኘው። ቁፋሮው በትክክል ሲጀመር በልግ ይሆናል። ግንቦት ላይ ግማሹ ቦይ ክፍት ነው። ሰኔ ላይ «በጀቱ ሊመለስ ነው፣ ጨርሱ» ይባላል። ዝናብ በሞላው ቦይ ውስጥ ቱቦ ይቀመጣል፤ መደቡ በደንብ አይጠቀጠቅም፤ መገጣጠሚያው ይከፈታል። በሁለተኛው ክረምት አስፋልቱ ይሰምጣል። ነዋሪው «ምን ዓይነት መሐንዲስ ነው የሠራው?» ይላል። ጥያቄው ይገባዋል። መልሱ ግን ሳይቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ቢሮም ውስጥ አለ። ዲዛይንና ጨረታ በክረምት ቢያልቁ፣ ቁፋሮ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ቢሆን፣ ገንዘቡም ለሁለት ዓመት ቢፈቀድ ይሄ አይመጣም። የክፍያ ሰርተፊኬት ለወራት ጠረጴዛ ላይ ሲቆይም ኮንትራክተሩ ማሽኑን ይዞ ይሄዳል፤ ክፍት ቦዩ ሰፈር ውስጥ ይቀራል።

አራተኛው የተቆረጠው የአንድ ዓመት ጥገና ነው። ይህን ለምን እንደቆረጣችሁት ፈጽሞ አልገባንም። ከጠቅላላው ዋጋ ትንሹ ነበር። አንድ መስመር እውነተኛ ፈተናውን የሚያየው በመጀመሪያው ክረምት ነው። የሠራው ኮንትራክተር ያን ክረምት በራሱ ኃላፊነት ካጸዳ፣ የት እንደሚደፈን፣ የትኛው መግቢያ እንደሚጠብ ያውቃል፤ ያስተካክላልም። አሁን በተቆረጠው ውል ግን መስመሩ ሪባን ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ ባለቤት የለውም።

በመጨረሻ አንድ ያልተነካ ሀብት አለ። የከተማችን ሰው የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ያገኛል። በዚሁ ከተማ 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በዓመት ከሚዘንበው ውኃ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 176,000 ሊትር መሰብሰብ ይቻላል። 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ጠንካራ ዝናብ ከዚያ ጣሪያ 4,800 ሊትር ይሰጣል። ሁለት እንዲህ ያለ ዝናብ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ለመጸዳጃ፣ ለልብስ፣ ለአትክልት ይሆናል። የኮንዶሚኒየም ብሎክ፣ የትምህርት ቤት፣ የመንግሥት ሕንፃ ጣሪያ ስንት እንደሆነ አስቡት። ሮቶ ውስጥ የገባ ውኃ ደግሞ መንገድ ላይ አይወርድም። በሙከራ ደረጃ በትምህርት ቤቶች እንዲጀመር ያቀረብነው ሐሳብ ከኩሬው ጋር አብሮ ተሰርዟል።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህንን ነው።

የተቆረጡት አራቱ ክፍሎች ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ወደ ፕሮጀክቶቹ ይመለሱ። ገንዘቡ ካልበቃ የቱቦው ርዝመት ይቀነስ፤ አምስት ኪሎ ሜትር ሙሉ ሥራ ከስምንት ኪሎ ሜትር ጎደሎ ሥራ ይሻላል። ማንኛውም አዲስ መስመር ከመጽደቁ በፊት ወንዙ ድረስ ያለው የታችኛው ካልቨርት ሁሉ ተፈትሾ ሒሳቡ ይያያዝ።

የጎርፍ መስመሮች ጽዳት በየዓመቱ የተለየ በጀት ይኑረው፤ ደለሉን ማውጣትና ማንሳት በአንድ ውል ይሁን፤ ሥራውም እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይጠናቀቅ። የቦይ ድጋፍ፣ የጋዝ መለኪያና የሠራተኛ መከላከያ በውል ዝርዝር ውስጥ የራሳቸው ዋጋ ይኑራቸው፤ ለደኅንነት ሥራ ያስቆመ መሐንዲስም በዚያ ምክንያት አይጠየቅ።

በመጪው በጋ አራቱም የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ቡድን ይቋቋምና በጎርፍ መስመር ላይ የተቀጠሉ የፍሳሽ መስመሮች ይመዝገቡ፣ ይነቀሉ። መነቀል ብቻ እንዳይሆን፣ ነዋሪው ፍሳሹን የት እንደሚያገናኝ አብሮ ይነገረው። በአዳዲስ የመንገድ ዳር መትከያዎች ላይ ውኃ ማስገቢያ እንዲኖር የሥዕል ማሻሻያ ይደረግ፤ እኛ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሠርተን እናቀርባለን።

የታችኛው ሰፈር ቤታቸው ውኃ የገባባቸው ሰዎች መልስ የሚሰጣቸው አንድ ኃላፊ በሥልጣን ደረጃው ተለይቶ ይነገራቸው። እስካሁን ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ማዕከል እየተመላለሱ ነው።

ውሳኔው የተመሠረተበትን የወጪ ስሌት እንድትሰጡንና በዚህ ወር ውስጥ ከሳይት ሰዎች ጋር ፊት ለፊት እንድትወያዩ እንጠይቃለን። የእኛ ስሌት ተዘጋጅቷል፤ ሥዕሎቹና የካልቨርቶቹ ፎቶዎች አብረው አሉ። ቢሮ ከጠራችሁን እንመጣለን። ሳይት ላይ ቢሆን ግን እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በአዲስ አበባ የጎርፍ ውኃ ፕሮጀክቶች ላይ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ፣
የሳይት መሐንዲስ፣ የቀያሽና የፎርማን ባልደረቦቹን በመወከል